ላስቲክ የለበሰው አግዳሚ

እናቴ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ቤቷ፣ ከበሯ በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ሞፈሩን ያስደግፍበት የነበረ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዞራ እዚያ ስታርፍ እናቴም አጎዛዋን ታነጥፍና ታርፍበታለች። አጎዛው ከማርጀቱ የተነሳ ጠጉር የሚባል አልቀረለትም፤ ድንጋዩ ደግሞ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም። ለመነሳት መጀመሪያ ግድግዳውን ትይዛለች፣ ቀጥላ ጉልበቷን፣ በመጨረሻ የእመቤታችንን ስም ጠርታ ቀና ትላለች። ይህን ሁሉ ቆሜ ማየት ነበረብኝ።

ዳሌዋን የሚያማት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው። በየዓመቱ ወደ ወንዛዬ እንወስዳታለን። ፍል ውሃው ውስጥ ተነክራ፣ ፊቷ ወዝ ይዞ፣ ዘንጓን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስትመለስ ሌላ ሰው ትመስላለች። ወንዛዬ የሰጣትን ግን ያ ድንጋይ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይቀማታል። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ በግልጽ ነግራታለች፤ "እናቴ፣ ዝቅ ያለ ቦታ አይቀመጡ፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይም አይቀመጡ።" እናቴ "እሽ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥሽ" ብላ መርቃት ወጣች። ቤት እንደደረሰች ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

እኔ እንግዲህ አናጺ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። የከተማው ሰው በሠራሁት አልጋ ላይ ወገቡን ዘርግቶ ያድራል፣ የወለደችኝ እናቴ ድንጋይ ላይ ትውላለች። "አናጺ ልጅ እያለሽ?" እያለ የሚነካካት ሰው አልጠፋም። እሷ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም። በተፈጥሮዬ ቶሎ እሳት የምሆን ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቁታል።

ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ልሠራላት ወሰንሁ። ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው፣ ስትነሳ የምትይዘው ክንድ ያለው፣ ውጭ ውሎ ውጭ የሚያድር። ፀሐይዋን ሳትተው ከድንጋዩ እንድትላቀቅ ነው የፈለግሁት። ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እንጨቱ አላስቸገረኝም። የድሮው የሣር ቤታችን ሲፈርስ ለይቼ ያስቀመጥኋቸው የጽድ ምሰሶዎች ነበሩኝ። ጽድ ለምስጥም ለዝናብም በቀላሉ እጅ የሚሰጥ እንጨት አይደለም። ያስቸገረኝ የሚቀባው ነገር ነው። ዕድሜዬን የቤት ውስጥ ዕቃ ስሠራ ነው የኖርሁት፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የቀባኸው ሁሉ ያምራል። ውጭ ያለው እንጨት ግን የእኛን ሰማይ መቻል አለበት። ጠዋት ከጉና ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ጣት ያደርቃል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ቆርቆሮ ያስጮኻል፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል፣ ጉሙም ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ ይውላል። በዚህ መካከል እንጨት ሲያብጥና ሲኮማተር ይኖራል። ላዩ ላይ የተቀባውም ነገር አብሮ ማበጥና መኮማተር ካልቻለ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው የለም።

ቀለም ሻጩ ዘንድ ሄድሁ። ደንበኛው ነኝ፤ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነው የሚቀበለኝ።

"ለውጭ የሚሆን ምን አለህ?" አልሁት።

"ቫርኒሽ ነዋ!"

"ውጭ የሚያድር ወንበር ነው የምልህ።"

"ለውጭም ለውስጥም ነው።"

"ዝናብ ይችላል?"

"ዝናብ ምን ያደርገዋል?"

"ፀሐይስ?"

"ፀሐይማ ወዳጁ ናት።"

ጣሳውን አዟዙሬ አየሁት። አንድ የሚያብረቀርቅ ወንበር ተስሎበታል፤ ወንበሩ ግን ያለው በረንዳ ላይ ነው፣ በረንዳው ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ መጋረጃ ተሰቅሏል። "ይኼ እኮ የተጠለለ ነው" አልሁት ሥዕሉን በጣቴ እያሳየሁ። "አንተ የምትገዛው ሥዕሉን ነው ወይስ ቫርኒሹን?" አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ተናድጄ ገዛሁት። ተናድጄ ነገር መግዛት አመሌ ነው።

እናቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "ልብስ ይይዛል?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሰው ቁጭ ብሎ ሲነሳ፣ ነጭ ልብስ ላይ ይቀራል ወይ?"

"ከደረቀ አይይዝም።"

"ዝናብ ነክቶትስ?"

እኔ እንጃ አልሁ። በእውነትም አላውቅም ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሳት ነጭ ቀሚስ አለቻት፤ ለእሷ ተጨንቃ መሰለኝ።

በነጋታው እዚያው እናቴ ቤት ሳለሁ፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ወንበር ልሠራ መሆኑን ሰምተው መጡ። ምክር ሳይሰጡ የሚያልፉት ሥራ የለም። "ምን ያደክምሃል ልጀ" አሉኝ፤ "ጋራዥ ሂድና የተቃጠለ ዘይት አምጣ። አንድ ጊዜ ካጠጣኸው ምስጥ አጠገቡ ዝር አይልም። የእኔን አጥር አታየውም?"

አጥራቸውን አየዋለሁ። አጥራቸውን መቼም አልረሳውም።

አባቴ ያረፈው በክረምት ነበር። ዕድራችን ያን ጊዜ ድንኳን እንጂ ወንበር አልነበረውም፤ ዝናቡ ደግሞ መሬቱን ጭቃ አድርጎት ነበር። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቆሞ ሲቀር እኒህ ጎረቤታችን ለአጥር ያዘጋጇቸውን የባሕር ዛፍ ግንዶች አስመጥተው ድንጋይ ላይ አጋደሙልን። ደግነታቸውን አልክድም። ግን ግንዶቹ የተቃጠለ ዘይት የጠጡ ነበሩ። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ አይደርቅም፤ ዝናብ ሲነካው ወደ ላይ ወጥቶ ይወዛል እንጂ። ያ ሁሉ ሰው ነጭ ነጠላና ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ ተቀመጠ፤ አጽናንቶን ተነሳ። ሲነሳ ከኋላው፣ ከመቀመጫው ላይ፣ ወፍራም ጥቁር መስመር ነበረው። አንዱ ሳይቀር። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ። ሰዎች ከግቢያችን እንደወጡ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ሳቁን ሲያፍን በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴን ቀብሬ ሳላበቃ ሳቅ ሰማሁ። እናቴ በደንባችን መሠረት መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ነበረች፤ ሐዘንተኛ ከፍ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥም። ከዚያ ሆና ከድንኳኑ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ጀርባ ታይ ነበር። 

"ይቅርብኝ አባቴ" አልኋቸው ሽማግሌውን፤ "እርስዎ አጥርዎን ይቀቡ።" ቅር ብሏቸው ሄዱ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ወደ ሥራ ቤቴ ተመለስሁ።

በማንም አፍ ላለመመራት ወሰንሁ። ከዚያው ጽድ ጉማጆች ቆረጥሁና አንዱን ቫርኒሽ፣ አንዱን የዘይት ቀለም፣ አንዱን የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ አንዱን ደግሞ የተልባ ዘይት ቀባኋቸው። የተልባው ሐሳብ የራሴ ነው፤ ተልባ ሲጨመቅ የፈሰሰ ዘይት የነካው እንጨት ውሎ አድሮ እንደሚጠነክር ዘይት ቤት አይቼ ነበር። አራቱንም የሥራ ቤቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስሬ ክረምቱን ለቀቅሁባቸው። ይህ ማለት እናቴ አንድ ክረምት ተጨማሪ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር፣ እዚያው እርጥብ ድንጋይ ላይ ሳገኛት በራሴም በሰማዩም በቀለም ሻጩም እናደድ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ጉማጆቹን አወረድኋቸው። ቫርኒሹ እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጦ ነበር፤ ልጣጩን በጥፍሬ ያዝሁና ሳብሁት፣ መጣ። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል። ቫርኒሽ እንጨቱ ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ነው የሚለበስ። አንድ ቦታ ከተቀደደ በቀዳዳው የገባው ውሃ ከሥር ተኝቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የዘይት ቀለሙ ላይ ላዩን ደህና ይመስል ነበር፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን አብጦ የነበረው ፈንድቶ ውሃ ተፋብኝ። የተቃጠለ ዘይት የጠጣው እንጨት ምንም አልሆነም፤ እጄ ግን እስከ ክርኔ ጠቆረ። የተልባው ከሁሉም ይሻል ነበር። እንጨቱ ጤነኛ ነው፣ ውሃው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ብቻ ፀሐይ በማታገኘው በኩል ጥቃቅን ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አውጥቷል።

የተላጠውን ጉማጅ ይዤ ቀለም ሻጩ ዘንድ ሄድሁ። ባንኮኒው ላይ ወረወርሁለት።

"ይኼ ነው ለውጭም ለውስጥም?"

አገላበጠና አየው፤ አላፈረም። "አንተስ ክረምቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ታስረህ ብታድር አትላጥም?"

ይሄኔ ብስቅ ደግ ነበር፤ ልሳደብ አፌን ከፍቼ ሳልጨርሰው ወጣሁ። እስካሁንም ከሌላ ሱቅ ነው የምገዛው።

ከዚያ በኋላ በጋውን ሙሉ ከተልባ ጋር ታገልሁ። ዘይቱን አፈላሁት፤ ፈልቶ የቀዘቀዘው ካልፈላው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። የንብ ሰም አቅልጬ ጨመርሁበት፤ ሰሙ ውሃና ሻጋታ ይከላከላል። አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅጥቅ አድርጎ መቀባት ሞኝነት መሆኑን ያወቅሁት እጄ ላይ እንደ ማር ሲጣበቅብኝ ነው። ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ እንጨቱ የጠጣውን ጠጥቶ የተረፈውን በጨርቅ ትጠርጋለህ፣ ፀሐይ ላይ ትተወዋለህ፣ ሲደርቅ ትደግመዋለህ። በዘይት የራሰውን ጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ ወርውሬ ምሳ ሄድሁና ስመለስ ጨርቁ ራሱን በራሱ አግሎ ይጨስ ነበር። እሳት አልነካውም፣ ፀሐይም አልደረሰበትም። ጎረቤት ባለሱቅ "ሰው ዓይኑን ጥሎብህ ነው፤ ጠበል ተጠመቅ" አለኝ። ለካ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይግላል፤ ከዚያ ወዲህ ጨርቁን ዘርግቼ ነው የማሰጣው። በዚያም ቀን ተናድጄ ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን ለይቼ መናገር አልችልም።

ወንበሩን ስገጣጥም እናቴ ሥራ ቤቴ ድረስ መጣች። ዘንጓን ተደግፋ ዙሪያውን ዞረች።

"ስንት ሰው ይይዛል?"

"አንችን ይይዛል።"

"እኔን ብቻ? ለአንድ አሮጊት ይኼን ሁሉ እንጨት?"

"እሽ፣ ሁለት ሰው ይይዛል።"

"እንጨት አጥተህ ነው? ርዝመት ጨምርበት እንጅ። ይኼን ክንዱንም ተወው፤ ሰው ይቀንሳል።"

"እማ፣ ክንዱ አንቺ ስትነሽ የምትይዥው ነው! ለጌጥ መሰለሽ?"

"እኔ ግድግዳ አለኝ" አለች።

መሮውን ወርውሬ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ እዚያው ቆማ አገኘኋት። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ርዝመቱን ጨመርሁላት፤ ክንዱን ግን በአንድ ጫፍ ብቻ አስቀረሁት። ያ ጫፍ የእሷ እንዲሆን ነው። መቼም ከእሷ ጋር ተከራክሮ ግማሹን ማስቀረት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የመጨረሻው ቅብ ደርቆ ሰሙን በሻካራ ጨርቅ ወልውዬ ሳበቃ እንድታየው ጠራኋት። እንዴት እንዳማረ አልተናገረችም። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ መቀመጫውን ተጭና ፈተገችው፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ መረመረችው። ከባልዲው ውሃ ጨልፋ ወንበሩ ላይ አፈሰሰችና እርጥቡንም እንደገና ፈተገችው። ነጠላው እንደ ነጭነቱ ነው። "እሰይ" አለች፤ "እጅህ ይባረክ።" እንዲህ ተጠንቅቆ ሥራ የሚፈትሽ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

ግንቦት ላይ ወስጄ ከግድግዳው ሥር፣ ከድንጋዩ አጠገብ አቆምሁላት። እግሮቹ እርጥበት እንዳይጠጡ የታች ጫፋቸውን ሰም አጥግቤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፍኋቸው፤ እንጨት ከሁሉም በላይ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው። እናቴ መረቀችኝ፣ ጎረቤት ጠራች፣ እልል አለች። ለአንድ አፍታ ተቀመጠችበትና ተነሳች። እኔ ደስ ብሎኝ ሄድሁ፤ የዋህ ነኝ።

ክረምቱ ገብቶ በአንድ ቅዳሜ ተመለስሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። እናቴ ድንጋዩ ላይ፣ አጎዛዋ ላይ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ ወንበሩ ከራስ እስከ እግሩ ላስቲክ ለብሶ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ እንደ ሬሳ ተገንዞ ቆሟል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ዝናብ እንዳይነካው ነዋ።"

 ዝናብ እንዲችል አይደለም እንዴ ያን ሁሉ የደከምሁት? ገመዱን በጥርሴ ፈታሁት ማለት ይቻላል። ላስቲኩን ስገልጠው ትንፋሽ ያጣ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከውስጥ በኩል ላስቲኩ ላብ አውጥቶ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፤ መቀመጫው ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ተልባና ሰም የቀባሁት እንጨቱ እንዲተነፍስ፣ የነካው ውሃ ወዲያው እንዲደርቅ ነው። ከቫርኒሽ ላድነው ስንት ለፍቼ እሷ ቫርኒሽ አለበሰችው። ሰው የሚቀመጥበት እንጨት ደግሞ ልብሱ ራሱ እየወለወለ ያሳምረዋል፤ ይህን ሁሉ ጮኼ ነገርኋት። ጎረቤታችን ሽማግሌው ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው "ምን ሆነህ ነው ልጀ?" አሉኝ። "ምንም አልሆንሁ!" አልሁ፤ በዚያ ድምፅ ምንም አልሆንሁም የሚል ሰው ማን ያምነዋል።

እናቴን አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች አሏት፤ ከተገዙ ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። የገዛሁላት ወፍራም ብርድ ልብስ ከነ ከረጢቱ ተጣጥፎ አልጋዋ ሥር ተኝቷል፤ እሷ ስሱን ለብሳ እየተንቀጠቀጠች ታድራለች። ጥሩ የሆነ ነገር ሁሉ የእንግዳ ነው፤ እንግዳው ደግሞ መቼም አይመጣም። ወንበሩም የዚያ ዕጣ ደረሰው ብዬ ነበር የተናደድሁት። ሻጋታውን ፍቄ፣ እንደገና ዘይት አጠጥቼ፣ ላስቲኩን ተሸክሜ ወደ ከተማ ይዤው ሄድሁ።

ቀጥዬ በመጣሁ ጊዜ ሌላ ላስቲክ አገኘሁ። ያንንም ወሰድሁ። ሌላ ተካች። ከየት እንደምታመጣው እግዜር ይወቅ።

የላስቲኩ ነገር ያበቃው በአንድ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጭ ነጠላዬን እንደለበስሁ፣ ቁርስ ሳልቀምስ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድሁ። ዳሌዋ ብሶባት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቃታት ሰንብቷል። ድንጋዩ ላይ ነበረች። ልትነሳ ሞክራ እንዳቃታት በሚያስታውቅ አኳኋን፣ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ ቀርቶ፣ ፊቷ ላብ አውጥቶ። ወንበሩ ከአጠገቧ ላስቲክ ለብሷል። ያን ጊዜ ዓይኔ ጨለመ።

"ለማን ነው የምታስቀምጭው?" ብዬ ጮኽሁ። "ማን ሊመጣ ነው? ንጉሥ ሊመጣ ነው? ለማን ነው?"

"ለሰው ነዋ።"

"የትኛው ሰው?"

እጇን ከግድግዳው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ለሚቀብረኝ ሰው" አለች።

ላስቲኩን በዓይኗ አመለከተችኝ።

"አባትህን የቀበረልኝን ሰው ልብሱን አጥቁሬ ነው የሸኘሁት። እስከ ዛሬ በልቤ ነው። ፍራሽ ላይ ቁጭ ብየ ያን ሁሉ ጀርባ ሳይ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእኛ ቤት ሞት በክረምት ነው፤ የእኔም ያው ይሆናል። እኔን የሚቀብር ሰው ነጭ ለብሶ መጥቶ ነጭ ለብሶ ይሂድ። ለዚያ ነው። እስከዚያ እንዳያረጅብኝ ነው።"

ልብስ ይይዛል ወይ ያለችው ስለ ቀሚሷ አልነበረም። ስንት ሰው ይይዛል ያለችው፣ ክንዱ ሰው ይቀንሳል ያለችው፣ ውሃ አፍስሳ በነጠላዋ የፈተገችው፣ ሁሉም ለዚያ ቀን ነበር። እኔ በሕይወት እንድትኖርበት የሠራሁትን ወንበር እሷ በየደረጃው ለቀብሯ አሠርታኛለች። ሌላ ልጅ ቢሆን እግሯ ላይ ወድቆ ያለቅስ ይሆናል። እኔ ግን ከቀድሞው ይልቅ ተናደድሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

"ያን ቀን እኔ የት ነው የምቀመጠው?" አልኋት።

"ምን?"

"ያልሽው ቀን ሲመጣ። ይኼን ወንበር የሠራሁት እኔ ልጅሽ፣ የት ነው የምቀመጠው?"

አየችኝ። ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

"መሬት" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ፣ መሬት ላይ። አንችስ?"

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

"እኔ መሬት ላይ፣ አንቺ መሬት ውስጥ! የሰፈሩ ሰው በሙሉ መጥቶ ይደገፍበታል፣ ያ ባለ አጥሩ ጎረቤትም ይቀመጥበታል። ጣቴን የላጥሁበትን ወንበር እኔና አንቺ ብቻ ነን የማንቀመጥበት። እኔና አንቺ ጎን ለጎን የምንቀመጥበት ቀን ካለን ዛሬ ነው እማ! ሌላ ቀን የለንም! ገባሽ?"

ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ፤ እሱም አናደደኝ። ቢላ ልፈልግ ሳልል ገመዱን በጠስሁት፤ ላስቲኩን ጎትቼ ጭቃው ላይ ጣልሁት። እንጨቱ ላይ ያለውን ላበት በእጄ ጠረግሁት፤ ፀሐዩ ቀሪውን ወዲያው አደረቀው።  እናቴ ግድግዳውን ያዘች፣ ጉልበቷን ያዘች፣ እመቤታችንን ጠራች። ላግዛት ስጠጋ እጄን ገፋችው። ከድንጋዩ እስከ ወንበሩ ያለውን ትንሽ ቦታ በራሷ እግር ተራመደችው፤ ክንድ ባለው ጫፍ በኩል ደረሰች፤ ክንዱን ጨብጣ፣ ጫፉ ላይ፣ የሰው ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ እንግዳ ተቀመጠች።

እኔም ተቀመጥሁ።  እሷ ጀርባዋን ቀስ እያለች ወደ መደገፊያው ሰጠችው፤ ትንፋሽ አወጣች። ወደ እብናት የሚሄድ መኪና በመንገዱ አለፈ።  ቁጣዬ እንዳለ ነበር፤ አሁንም አለ፤ በእሷ ላይ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ የምጮህበት ሌላ ሰው ግን አላገኘሁም።

"ተነስ እስቲ" አለችኝ ድንገት።

ተነሳሁ።

"ዙር።"

ዞርሁ። ነጠላዬን ከኋላ ይዛ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ ከወገቤ በታች ያለውን ክፍል በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ወደ ፀሐዩ አድርጋ፣ ከዳር እስከ ዳር አየችው። ቆየች።

"ንጹሕ ነው" አለች፤ ጨርቁን ለቀቀችው። "በል ተቀመጥ።"